ባሪስታን ያን ሌሊት እንቅልፍ ቢጥለውስ?

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። ቤቱ የገባ ደግሞ ፊልም ያያል። እኔና ጓደኛዬም ጋቢ ደርበን ስለ ዙፋን ሽሚያ የሚተርከውን ተከታታይ ፊልም «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀመርነው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት በተገናኘን ቁጥር ክርክራችን አንድ ነው። እሱ እንዲህ ይላል፦ እብዱ ንጉሥ ኤሪስ ትንሽ ቀደም ብሎ ወርዶ ልጁ ሬጋር ቢነግሥ ኖሮ ያ ሁሉ ደም አይፈስም ነበር።

እኔ አልስማማም። ግን ፍርድ እንዳይጓደል መጀመሪያ ለእሱ የሚሆን ምስክር ልጥራለት።

ተከታታይ ፊልሙ ብዙም አያነሳውም፤ ፊልሙ የተቀዳበትን መጽሐፍ ያነበበ ግን የደስከንዴልን ከተማ ነገር ያውቃል። በታሪኩ አቆጣጠር ዘመኑ 277 ነው። የደስከንዴል ጌታ ግብር አልከፍልም አለ። ኤሪስ ጥቂት ሰው አስከትሎ ራሱ ሊቀጣው ሄደ። ሰውየው ንጉሡን አፈፍ አድርጎ አሰረው። እስሩ ግማሽ ዓመት ያህል ቆየ። የንጉሡ እንደራሴ ታይዊን ላኒስተር ከተማዋን በጦር ከበበ። ከተጠጋህ ንጉሥህ ይሞታል ሲሉት ግድ አልሰጠውም። ከዚህ የተሻለ ንጉሥ አጠገቤ አለ ብሎ ወደ ሬጋር ጠቆመ።

ንጉሡን ያዳነው ጠባቂው ባሪስታን ሰልሚ ነው። በሌሊት ብቻውን ሾልኮ ገብቶ ጌታውን ይዞ ወጣ። ጀግንነቱን ማን ይክዳል? ኤሪስ ግን ከዚያ እስር በኋላ ለየለት። ሰው በእሳት እያቃጠለ መደሰት ጀመረ። እንግዲህ ባሪስታን ያን ሌሊት እንቅልፍ ጥሎት ቢሆን ሬጋር በ18 ዓመቱ ይነግሥ ነበር። ኋላ ኤሪስ የገደለው የሰሜኑ ጌታ ሪካርድ ስታርክ አይቃጠልም፣ ልጁ ብራንደንም አይታነቅም፣ ኤሪስን ከዙፋን የጣለው ሮበርትም አያምፅም። እስከዚህ ድረስ ጓደኛዬ እውነት አለው።

ጥያቄው ሌላ ነው። ሬጋርን ያነገሠው ማን ሊባል ነው? ታይዊን ነዋ! ታይዊን ልጁን ሰርሲን ለሬጋር ሊድር ፈልጎ በኤሪስ እምቢታ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። በ277 ሬጋር ገና አላገባም። ስለዚህ ሰርሲ ንግሥት፣ ታይዊን አማትም እንደራሴም ይሆናል። ልጁ በገና ይደረድራል፣ አማትየው አገር ይገዛል።

ይህን ፊልም እኛ አይተነዋል፤ ጎንደር ላይ ነው የተሠራው። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን አስገደለ። በምትኩ ሽማግሌውን ዮሐንስን አነገሠ። ሽማግሌው እንዳሰበው ሳይሆንለት ሲቀር ዓመት ሳይሞላ ሞተ፤ ተመርዞ ነው ይባላል። ከዚያ የሟቹን ልጅ ተክለ ሃይማኖትን አስቀመጠ። አንዴ ራስ ንጉሥ ማውረድና ማንገሥ እንደሚችል ከታየ በኋላ ማን ይመልሰው? ዘመነ መሳፍንት እስከ ቴዎድሮስ ንግሥ፣ እስከ 1847 ድረስ ዘለቀ። 86 ዓመት መሆኑ ነው። እብድ ንጉሥ ቢከፋ ቢከፋ አንድ ዕድሜ ነው።

ጓደኛዬ የሸዋ ልጅ ነውና ዝም አላለም። «የኛዎቹስ?» አለ። ልክ ነው። የሸዋው ገዥ ወሰን ሰገድ በ1805 ሲገደል ልጁ ሣህለ ሥላሴ ገና ለጋ ወጣት ነበር። ታላቁን ቀድሞ ዙፋኑን ያዘ፤ ከ30 ዓመት በላይም ገዛ። ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ አገሩ ግን አልፈረሰም። ልዩነቱ በላዩ ላይ የሚያዝ ራስ አለመኖሩ ነው። ደግሞ ሸዋ ዘዴ ነበራት፤ የነጋሢው ወንድሞች ጎንቾ በተባለው እስር ቤት ይታሰሩ ነበር። ጨካኝ ዘዴ ነው፣ አላሞግሰውም። ሬጋር አንኮበር ላይ ቢነግሥ ኖሮ ግን ለሕፃኑ ወንድሙ ለቪሰሪስ ክፉኛ ባዘንኩለት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የጓደኛዬን ሐሳብ የሚያፈርሰው ትልቁ ነገር የልደት ጉዳይ ነው። የኤሪስ ልጅ ደኔሪስ የተረገዘችው ከደስከንዴል በኋላ፣ የሮበርት አመፅ ጦርነት ሊያልቅ ሲል ነው። ኤሪስ በ277 ከሞተ ደኔሪስ የለችም፤ እሷ ያስፈለፈለቻቸው ሦስቱ ዘንዶዎችም እንቁላል ሆነው ይቀራሉ። ካትሊን የታጨችው ለብራንደን ስታርክ ነው። ብራንደን ካልሞተ ወንድሙ ኔድ አያገባትም። ልጆቻቸው እነ ሮብ፣ ሳንሳ፣ አርያና ብራን ቀሩ ማለት ነው። የኔድ እህት ሊያና ለእጮኛዋ ለሮበርት ትዳራለች፤ ከሬጋር የወለደችው ጆን ስኖው መወለዱም እንጃ። ጨካኙ የሰርሲ ልጅ ጆፍሪ አለመወለዱ መቼም ትርፍ ነው፣ እሱን አልከራከርም።

ከሰሜኑ ግንብ ማዶ ያሉት፣ ሕያዋንን ሊያጠፉ የሚዘምቱት ሙታን ግን መምጣታቸው አይቀርም። እነሱን የላካቸው ኤሪስ አይደለም። ፊልሙ ላይ የሙታኑን ንጉሥ የገደለችው አርያ ናት። በጓደኛዬ ሰላማዊ አገር አርያ አልተወለደችም።

እዚህ ላይ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ስኒውን አስቀምጦ «ስለዚህ የኃይለ መለኮት መሞት ጥሩ ነበር ልትል ነው?» አለኝ።

ይሄ ያማል። ንጉሥ ኃይለ መለኮት ቴዎድሮስ ሸዋ በገባበት ወቅት፣ ኅዳር 1848 ላይ ታሞ ሞተ። ልጁ ምኒልክ 11 ዓመቱ ነበር። ተማርኮ መቅደላ ወረደ። አባቱን በተዋጋው ንጉሥ ቤት አደገ፤ ቴዎድሮስም ልጁን አልጣሽን ዳረለት። በ1857 አምልጦ ሸዋ ሲገባ አገር ምን እንደሆነ፣ ንጉሥ በምን እንደሚወድቅ ከቅርብ ያየ ወጣት ሆኖ ነው። የኃይለ መለኮትን ሞት ጥሩ ነው አልልም። አንኮበር ላይ በማርና በቅቤ ያደገ ምኒልክ ያንኑ ምኒልክ ይሆን ነበር ብሎ የሚምል ካለ ግን ይምጣና ይማልልኝ።

«እሺ፣ ባሪስታንን እንመርቀው ወይስ እንርገመው?» አለ ጓደኛዬ።

እኔ እመርቀዋለሁ። እሱ አሁንም ይረግመዋል። የሻዩን ሒሳብ ግን እሱ ከፈለ።