ፈላጭ ቆራጩ

«ፈላጭ ቆራጭ» የሚለውን ስም ለአምባገነን ያወጣው ሰው እንጨት ሲፈለጥ ቆሞ አላየም። እኔ ጓሮ የመጣው ፈላጭ ቆራጭ ከነምሳሩ የሚያዘው አንድም ሰው አልነበረው፤ የሚያዙት ግን መንደሩ ሙሉ ነበር።

ለልጄ ክርስትና ማገዶ ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ሻጩ ፍልጡን አጠር ወፈር አድርጎ፣ ጠማማ ጠማማውን መሀል ሰክቶ፣ ከሩቅ ሲታይ የፋሲል ግንብ የሚያህል ክምር አቁሟል። ጠጋ ስል በክምሩ ቀዳዳ ወዲያ ማዶ ያሰራት አህያ ታየችኝ፣ ከነጆሮዋ።

«ወንድሜ፣ የምትሸጠው እንጨት ነው ነፋስ?»

«በአርባ አራቱ ታቦት፣ ደረቅ ነው!»

የጠየቅሁት ስለ ቀዳዳው፣ የማለልኝ ስለ ድርቀቱ። ሁለት ፍልጥ አንስቼ ባጋጫቸው «ዱፍ» አሉ። ደረቅ እንጨት «ቋ» ነው የሚል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ ነፋሱን በቁመት፣ ውሃውን በሸክም ገዝቼ ልሄድ ነበር።

ተናድጄ የባሕር ዛፍ ግንድ አስጫንኩና ፈላጭ ጠራሁ። እርጥብ ቢሆንም ግድ የለም፤ ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ ምሳር አይሰማም። ልጄም ሴት ናት፣ ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው፤ እንጨቱ መድረቂያ ጊዜ አለው። ወንድ ብትሆን በ40 ቀኑ ጭስ ውጠን ነበር።

ፈላጩ ግንዱን አገላብጦ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ፈለገ፣ ጉጡን ወደ ታች አዞረ፣ መዳፉ ላይ እትፍ ብሎ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ጌታው፣ ቁመቱ ስንት ይሁን?»

ምነው ባልጠየቀ!

አማቴ «ክንድ ይሁን፤ ምጣድ ሥር ገብቶ ጭራው የሚገፋ» አሉ። አረቄ የሚያወጡት ጎረቤት «ወፈር ይበል እንጂ! ቀጭን እሳት አረቄ ያገነፍላል» አሉ፣ የክርስትናው አረቄ የታዘዘው ከሳቸው ነውና። አራሷ ከመኝታ ቤት «ጭራሮውን እንዳትጥሉ!» ብላ ጮኸች። ጡረተኛው ጋሼ፣ ምሳር ጨብጠው የማያውቁት፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሽብልቁ የሚገባበትን በከዘራ ያሳዩ ጀመር። ቆይቶ ክርክሩ «ክንድ የማን ክንድ?» ላይ ደረሰ። የአማቴ ክንድ አጭር፣ የጋሼ ረጅም ሆነ፤ የእኔ ተለክቶ ማንም አልወደደውም። አፄ ምኒልክ እንኳ በማገዶ እጥረት ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ተነስተው ነበር፤ ያስቀራቸው ይኸው ባሕር ዛፍ ነው። እኔን ከአማቴ የሚያስቀር ዛፍ ግን አልበቀለም።

ፈላጩ ዝም ብሎ የምሳሩን እጀታ ግንዱ ላይ አጋደመና በዚያ ልክ «እህ!» አለ። ግንዱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ሁላችንም ዝም። ለካ ቃሉን ያወጣው ሰው ይቺን አይቶ ኖሯል።

ማታ ፍልጡን ነፋስ እንዲያገኘው እያጠላለፍኩ ከመርኩት፤ ካልተናፈሰ ይሻግታል። አማቴ ወጡ፣ ጎንበስ ብለው በክምሩ ቀዳዳ ወዲያ ማዶ አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ጋሼ ከነጋቢያቸው ይታዩኛል። እንጨት ነው የገዛኸው ነፋስ?»

«በአርባ አራቱ ታቦት እማማ፣ ይደርቃል!»