ካሜራው ከምሰሶው ይቅደም

በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ሆዜ መካከል ሠራተኞችን የሚያመላልሰው የካልትሬይን ባቡር፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በሁለቱ ከተሞች መካከል ናፍጣን ትቶ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ መሥራት ጀመረ። እንዲህ ያለ ለውጥ በመጣ ቁጥር ካሜራ ያለው ሁሉ ወደ ሃዲዱ የሚጎርፈው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። በእኔ እምነት ግን ያን ጊዜ አሮጌውን መስመር ፎቶግራፍ ለማንሳት መሽቷል።

የኤሌክትሪክ ዝርጋታው ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። 82 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው መስመር ዳርና ዳር ምሰሶዎች ተተከሉ፤ 25 ሺህ ቮልት የሚሸከመው ሽቦ ተዘረጋ፤ ሽቦው እንዳይነካም ዛፎች ተቆረጡ። አሮጌዎቹ ባቡሮች በዚሁ ሽቦ ሥር መመላለሳቸውን ስለቀጠሉ፣ በ2024 የተነሳ ፎቶግራፍ የሚያሳየን አሮጌ ባቡር በአዲስ መስመር ላይ ሲሄድ ነው። እሱም የሽግግሩ ማስረጃ እንደመሆኑ ዋጋ አለው። ነገር ግን ከሳን ሆዜ ጋር በ1864 የተገናኘው መንገድ ሰማዩ ክፍት ሆኖ የኖረበትን ገጽታ አይነግረንም።

ሌላው ቅሬታዬ ፎቶግራፍ በሚነሳው ነገር ምርጫ ላይ ነው። ባቡሩን የሚጎትተው የሎኮሞቲቭ ፎቶግራፍ ሞልቷል፤ የፉርጎው ውስጥ ግን ተዘንግቷል። ከ1985 ጀምሮ ያገለገሉት፣ የጃፓኑ ኒፖን ሻርዮ የሠራቸው ባለ ሁለት ደርብ ፉርጎዎች የላይኛው ደርባቸው መሃል ለመሃል ክፍት ነበር። ነጠላ ወንበሮቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ ተደርድረው ስለነበር፣ ተቆጣጣሪው ታች መተላለፊያው ላይ እንደቆመ አንጋጦ የላይኞቹን ተሳፋሪዎች ትኬት ያይ ነበር። የስዊዘርላንዱ ስታድለር የሠራቸው አዲሶቹ ባቡሮች ፎቁ ሙሉ ወለል ስላለው፣ ላይና ታች የተቀመጡ ሰዎች እንዲያ መተያየታቸው ቀርቷል። ያ አንጋጦ ትኬት የሚያይ ሠራተኛ፣ ለእኔ ከመቶ የሎኮሞቲቭ ፊት ይበልጣል።

የአሠራር ደንብም ፎቶግራፍ ሊነሳ ይችላል። በአሮጌው የሳውዝ ሳን ፍራንሲስኮ ጣቢያ ተሳፋሪዎች ሃዲዱን በእግር ተሻግረው ይሳፈሩ ስለነበር፣ አንድ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ሲቆም ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣው ከውጭ እንዲጠብቅ ይገደድ ነበር። ሃዲድ የሚያቋርጡ ሰዎችና ከርቀት ተራውን የሚጠብቅ ባቡር አንድ ምስል ውስጥ ከገቡ፣ ጣቢያው ለምን እንደገና መሠራት እንዳስፈለገው ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባል።

ይህን ስል አሮጌው ይቆይ ማለቴ አይደለም። በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወስድበት የነበረው 100 ደቂቃ ያህል ጊዜ ወደ 75 ደቂቃ ገደማ ወርዷል፤ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው የእኔን ናፍቆት የሚሸከምበት ምክንያት የለም። በጊዜ ስለመጀመር ግን ምሳሌ አለ፤ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኦ. ዊንስተን ሊንክ ከ1955 እስከ 1960 ኖርፎክና ዌስተርን የተባለውን የባቡር ድርጅት የእንፋሎት ባቡሮች በሌሊት በፍላሽ መብራት ሲያነሳ፣ ሥራውን የጀመረው ባቡሮቹ ገና በየዕለቱ ጭነት እየጎተቱ ሳለ ነው። ሠራተኞቹና በሃዲዱ ዳር የሚኖሩት ሰዎች በምስሎቹ ውስጥ ሊገቡ የቻሉትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሥራውን ለአማተሮች ብቻ መተው ግን አግባብ አይደለም። አማተሩ ሊቆም የሚችለው ለሕዝብ ክፍት በሆነ መሳፈሪያ ላይ ነው፤ የጥገና ጋራዡና የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ቁልፍ ያለው በድርጅቱ እጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አሠራር አለ፤ በ1969 የተቋቋመው የአሜሪካ ታሪካዊ የምሕንድስና መዝገብ ድልድዮችንና ፋብሪካዎችን በፎቶግራፍ፣ በልኬት ንድፍና በጽሑፍ እየሰነደ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያስረክባል። ለተራ የመመላለሻ ባቡር ይህን ያህል ማድረግ የበዛ የሚመስለው ሰው ይኖራል። የካልትሬይን 90 አሮጌ ፉርጎዎችና 19 ሎኮሞቲቮች ግን ለፔሩ ዋና ከተማ ለሊማ ተሸጠዋል፤ ያመለጠውን የጋራዥ ፎቶግራፍ ዛሬ ተመልሶ ማንሳት አይቻልም።

ስለዚህ መስመሩን የሚያድስ ድርጅት ሁሉ ፎቶግራፉን የምርቃት ዝግጅት አካል አድርጎ ከማየት ይልቅ የግንባታው የመጀመሪያ ምዕራፍ ያድርገው። ባለሙያው ሾፌሩንና መካኒኩን ፈቃዳቸውን ጠይቆ በሥራቸው ላይ ያንሳ፤ በእያንዳንዱ ምስል ሥር ቀኑ፣ ቦታው፣ የባቡሩ ቁጥርና አቅጣጫው ይጻፍ። ለዚህ የሚሆነው በጀትም የምሰሶውን ጉድጓድ ከሚቆፍረው ተቋራጭ ውል ጋር አብሮ ይጽደቅ።