የምትወልዱበትን ሆስፒታል በሌሊት ሄዳችሁ እዩት

ደሴ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ «የት ልትወልጂ አሰብሽ?» የሚለው ጥያቄ ከአቦሉ ጋር ይመጣል፤ በረካው እስኪደርስም ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ሆስፒታል አቅርቦ ይጨርሳል። አንዷ ክፍሉ ለብቻ መሆኑንና ሙቅ ውሃ እንዳለው ትናገራለች፤ ሌላዋ ገንፎ ይዞ የመጣ ጠያቂ ከበር እንደማይመለስ፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ያዋለዳትን ሐኪም እጅ ታመሰግናለች። ታናሽ እኅቴ ሁለተኛ ልጇን ባረገዘች ጊዜ እንዲህ ካለ ቡና ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጬ አዳምጫለሁ። ስለ ደም፣ ስለ ኦፕራሲዮን ክፍል፣ በሌሊት ማን እንደሚያድር አንድም ሰው አላነሣም።

ሙቅ ውሃና ጸጥ ያለ ክፍል ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም። በደሴ ብርድ ለአራስ ሴት ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። ይሁን እንጂ ምጡ በሰላም ሄዶ በሰላም ካለቀ አንዱ ተቋም ከሌላው ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ነገሩ በተበላሸባት በአንዲት ሰዓት ውስጥ ነው። ያቺ ሰዓት ደግሞ የሥራ ሰዓት ጠብቃ አትመጣም። ስለዚህ ሆስፒታል የሚመርጥ ቤተሰብ መመርመር ያለበት ከጠዋቱ 4 ሰዓት የሚታየውን እንግዳ መቀበያ ሳይሆን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያለውን ማዋለጃ ክፍል ነው ባይ ነኝ።

እናቶችን በብዛት የሚገድለው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ነው። ከባድ የሆነው ካልተገታ አንዲትን ጤነኛ ሴት በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሊገድላት ይችላል፤ ከዚያ በፊትም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጠነቅቅ ምልክት የለም። በአገራችን በፈረንጆቹ 2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ አስልቶ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለ2020 ያወጡት ግምት ወደ 267 ወርዷል። ቁጥሩ መቀነሱ ደስ ያሰኛል፤ ግን የቀነሰው ሴቶች ወደ ተቋም ስለሄዱ ብቻ ሳይሆን የሄዱበት ተቋም የሚያስፈልገውን ይዞ ስለጠበቃቸውም ጭምር ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ማዋለጃ ተቋማትን የሚለዩት በዚሁ ነው። መሠረታዊ የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎት የሚባለው ሰባት ነገሮችን ማድረግ መቻል ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል ማሕፀንን የሚያኮማትር መድኃኒት መስጠት፣ የእንግዴ ልጅን በእጅ ማውጣትና አልተነፍስ ያለ ሕፃንን መርዳት ይገኙበታል። የተሟላ ለመባል ሁለት ይጨመራሉ፤ በኦፕራሲዮን ማዋለድና ደም መስጠት። የቡናው ወሬ ሙሉ በሙሉ የዘለላቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በአንድ የግል ተቋም ነበር። ክፍሉ ያማረ፣ ሠራተኞቹም ትሁት ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ምጡ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲቆም ሐኪሙ ከቤቱ ተጠራ፤ ሐኪሙ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሰመመን ሰጪው ተጠበቀ። ሕፃኑ በኦፕራሲዮን ሲወጣ ወዲያው አላለቀሰም፤ ትንፋሹም ደካማ ነበር። በዚያ ሕንጻ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አለመኖሩን የሰማነው በዚያች ደቂቃ ነው። አባቱ በጋቢ ጠቅልሎ በኮንትራት ታክሲ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይዞት ሲወጣ እናቱ ገና ከሰመመኑ አልነቃችም ነበር። ልጁ ስድስት ቀን ኦክስጅንና ማሞቂያ ውስጥ ቆይቶ ዳነ፤ እናቱ ያየችው በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ሌሊት ማንም ስህተት ሠርቷል ብዬ አልከስስም። የሌለውን እንዳለ አድርገን ገምተን የገባነው እኛ ነን፤ እነሱም አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በሁለተኛው እርግዝና ግን ከአማቼ ጋር ሆነን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ለሌላ ሆስፒታል እንግዳ ሆነን ሄድን። በቀን ሄደን ብንጠይቅ የሚነገረንን እናውቀዋለን፤ «ሃያ አራት ሰዓት አገልግሎት እንሰጣለን» የሚለው በታፔላውም ላይ ተጽፏል። ዘበኛው ጥሩ ሰው ነበር፤ የኩራዝ ያህል ብርሃን ከሚሰጥ የእጅ ባትሪ ጋር ተቀምጦ አገኘነው፤ መብራት ጠፍቷል። ጀነሬተሩ ለምን እንዳልተነሣ ስንጠይቀው «የሚያስነሣው ልጅ ጠዋት ነው የሚገባው» አለን። ማሕፀን ሐኪሙ ያድር እንደሆን ስንጠይቀው ደግሞ «አያድርም፤ ግን ቅርብ ነው፤ ይደወልለታል» ሲል መለሰልን። ቤቱ የት ሰፈር እንደሆነ አማቼ ጠየቀው። ኮምቦልቻ ነበር፤ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ።

መብራቱን ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። ደም ለማስቆም ቀድሞ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነ ኃይሉ ይደክማል፤ ብልቃጡን አይቶ ግን መዳከሙን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ፍሪጁ በሌሊት በምን እንደሚሠራ መጠየቅ ነገር ፍለጋ አይደለም። ደሙም እንዲሁ ነው። ደም ከፈለጋችሁ ከደም ባንክ ማን ሄዶ ያመጣዋል፣ በምን መኪና፣ ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ «ቤተሰብ ይሮጣል» ከሆነ እሱም መልስ ነው፤ ቤተሰቡ ቢያንስ ጫማውን አጥልቆ ይጠብቃል። ከሁሉ ይልቅ የምወደው ጥያቄ ግን «ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን ወዴት ነው የምትልኩት?» የሚለው ነው። በደሴ የሚገኙ የግል ተቋማት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ወደ መንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል። ታዲያ ከባዱ ነገር ሁሉ መጨረሻው እዚያ ከሆነ፣ ከባድ ነገር ሊገጥማት እንደሚችል አስቀድሞ የታወቀ ሴት በሪፈር ወረቀት በሌሊት ከምትሄድ በእግሯ በቀን ብትገባ ምን አለ?

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ትክክልም ነው። የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚያስተናግደው የከተማውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከደቡብና ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ከአፋር የሚላኩ እናቶች ሁሉ ይመጡበታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን ሲያዳርስ ከተዘረፉት የጤና ተቋማት አንዱ እሱ ነበር፤ ዕቃውን እየለቃቀሙ እንደገና አገልግሎት ማስጀመር ቀላል ሥራ አልነበረም። በአጠቃላይ የመንግሥት ሆስፒታሎች ጥበት፣ ከውጭ ፋርማሲ ገዝታችሁ አምጡ የሚባለው መድኃኒት፣ ምጥ ላይ ያለችን ሴት የሚቆጣ አንደበት፣ እናትና ባል በር ላይ የሚቀሩበት ልማድ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ወደ ግል የሚገፉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ከጎኗ የምትፈልገው ሰው እንዲኖር የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል፤ አንዲት እናት ልጇን «አይዞሽ» እንድትላት መፍቀድ በጀት አይጠይቅም። ሆኖም ሰው የሚሸሸው ክብር በማጣቱ ነው እንጂ ሕክምናው በማነሱ አይደለም። ከዚያም በላይ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራው ሐኪም ማታ በግል የሚያገኙት ያው ሐኪም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጤና ጣቢያን ደግሞ ከምርጫው ጭራሽ የሚያወጡ አሉ፤ ይህ ኩራት ነው። እርግዝናዋ ጤናማ የሆነ፣ ከዚህ ቀደም ያለ ችግር የወለደች ሴት በቅርቧ ባለ ጤና ጣቢያ በሠለጠነች ሚድዋይፍ እጅ ብትወልድ ምንም አይጎድልባትም፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው። ጥያቄው አምቡላንሱ ይመጣል ወይ የሚለው ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ግፊቷ የጨመረ፣ ሕፃኑ በእግሩ ወይም በመቀመጫው የመጣባት፣ ባለፈው ወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም ከባድ ደም ማነስ ያለባት ሴት ጤና ጣቢያን ለክትትል እንጂ ለመውለጃ ልታስበው አይገባም።

ስለ ኦፕራሲዮን አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ በጠቀስሁት የ2016 ጥናት በመላ አገሪቱ በኦፕራሲዮን የወለዱት ከ100 ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ይህ ማለት ብዙ የሚያስፈልጋቸው ሴቶች አላገኙትም ማለት ነው። በከተማ ደግሞ ተቃራኒው ይታማል፤ ሳያስፈልግ ይቆረጣል ይባላል። ሁለቱም በአንድ አገር እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በኦፕራሲዮን መውለድ አለብሽ የተባለች ሴት ለምን ብላ የመጠየቅ፣ መልሱንም በምትረዳው አማርኛ የመስማት መብት አላት፤ ስትወጣም የተደረገላትን የሚገልጽ ወረቀት ይዛ መውጣት አለባት። እኅቴ ይህ ወረቀት አልነበራትም። ማሕፀኗ በየት በኩል እንደተቆረጠና ምጡ ለምን እንደቆመ የሚያሳይ ማስረጃ በመጥፋቱ በሁለተኛው ጊዜ በምጥ ልትሞክር ትችል እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም ያለ መረጃ ሊወስን ተቸገረ። ፋይሉን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል።

የኮምቦልቻ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። ከዚያ ደሴ መውጣት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት ማለት ነው፤ በክረምት በመንገዱ ላይ ባለው የሐረጎ ዳገት ጉሙ ሲወርድ ሾፌር ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና የኋላ መብራት እየተከተለ ነው የሚነዳው። ምጥ ከያዘ በኋላ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ ብሎ መከራከር አይገባም፤ ለከባድ ወሊድ ደሴ የተመረጠ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ ወጥቶ ዘመድ ቤት መቀመጥ ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል የሚለው ልማዳችንም እዚህ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ፣ በአንድ ክፍል ሦስት አራት ሆነው የተከራዩ ወጣት ሴቶች ክትትላቸውን እዚያው አድርገው ለመውለድ ወደ ገጠር ወላጆቻቸው ይሄዳሉ። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የደም ዓይነቷ፣ የግፊቷ መጠን፣ የአልትራሳውንዷ ውጤት ሁሉ ከካርዱ ጋር ቀርቶ ተረኛዋ አዋላጅ ባዶ ወረቀት ትጀምራለች።

ከጤና መምሪያዎቹ የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። እያንዳንዱ የሚያዋልድ ተቋም፣ የግልም የመንግሥትም፣ በበሩ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ በሌሊት የሚያድረው ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ ኦፕራሲዮን በስንት ደቂቃ ሊጀመር እንደሚችል፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል እንዳለና እንደሌለ፣ ደም ከየት እንደሚመጣ። ሥጋ ቤት እንኳ የበሬውንና የፍየሉን ዋጋ ለይቶ ይለጥፋል። ይህ የሚያሳፍራቸው ተቋማት እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ ሆኖም የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የለኝም ብሎ የጻፈ ሆስፒታል ጤነኛ ምጥ ይዘው የሚመጡትን አያጣም፤ የሚያጣው እሱም ሊረዳቸው የማይችላቸውን ነው።

እኅቴ በመጨረሻ የመንግሥትን መረጠች። ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከምትኖርበት ከኮምቦልቻ ወጥታ ደሴ ሆጤ ሰፈር እኔ ቤት ተቀመጠች፤ የደም ዓይነታቸው ከእሷ ጋር የሚስማማ ሁለት የአክስት ልጆች ስልካቸውን እንዳያጠፉ ተነገራቸው፤ የተገኘው የፋይል ግልባጭ ከካርዱ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ በር ላይ ተሰቀለ፤ ከጎረቤት ባለታክሲ ጋርም ለሌሊት ዋጋ ተነጋገርን። ምጡ የመጣው በቅዳሜ ቀትር ነው። ሐኪሙ ግልባጩን አይቶ እንድትሞክር ፈቀደላት፤ አመሻሹ ላይ ሴት ልጅ በምጥ ወለደች። ባለታክሲው ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርደን የተነጋገርነውን የሌሊት ዋጋ ካልከፈላችሁ ብሎ ተከራከረን፤ ከፈልነው።