ክብር ለፊንላንድ ወረቀት ደጋፊዎች

እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ አዝዛችሁ፣ የሁለት አገር ግራፍ በስልካችሁ ከፍታችሁ፣ በወረቀት ኤክስፖርት ፊንላንድ ትበልጣለች ስዊድን እያላችሁ ለምታመሹ ወንድሞቻችን ትልቅ አክብሮት አለኝ። እናንተ ባትኖሩ ማን ያስብላቸው ነበር? ፊንላንዶቹ 5.5 ሚሊዮን ቢሆኑ ነው። እነሱ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው።

የሚገርመኝ ፍጥነታችሁ ነው። ቢጫው መስመር ወጣ፣ ሰማያዊው ወረደ፣ አለቀ። «ስዊድን በላቻቸው!» ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እንኳ እንዲህ የተጮኸ አይመስለኝም። መሀል ገብቶ «ቆይ፣ ይሄ በዶላር ነው በቶን?» የሚል ሰው ምቀኛ ነው። በፈረንጆቹ 2022 የወረቀት ዋጋ ስለናረ ጥቂት ቶን የሸጠም ዳጎስ ያለ ዶላር ማግኘት ይችል ነበር፣ የስዊድን ገንዘብ ክሮናም በዚያው ዓመት ከዶላር አንጻር ወድቆ ነበር፣ የፊንላንዱ የወረቀት ኩባንያ የዩፒኤም ሠራተኞችም ወደ አራት ወር የሚጠጋ አድማ ላይ ነበሩ፤ ግን ይሄን ሁሉ ማንሳት ጨዋታ ማበላሸት ነው። መስመሩ ወርዷል። ሰንፈዋል ማለት ነው።

ፐልፕስ? ከእንጨት የሚሠራው የወረቀት ጥሬ ዕቃ በጉምሩክ መዝገብ ምዕራፍ 47 ነው፣ ወረቀቱ 48። ፊንላንድ ፐልፕም በብዛት ትሸጣለች፤ የ48ቱን ብቻ የያዘ ግራፍ ላይ ይሄ አይታይም። ዳኛው አላየም፣ ጎሉ አልተቆጠረም።

ጠረጴዛ የሚደበደበው ግን ሁሉም ቡድን ከለየ በኋላ ነው። ስቶራ ኤንሶ የሚባለው ግዙፍ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1998 የስዊድኑ ስቶራና የፊንላንዱ ኤንሶ ተዋህደው የተፈጠረ ነው፤ በሁለቱም አገር ፋብሪካ አለው። ይሄ ተጫዋች ማሊያውን በየዕረፍቱ ይቀያይራል ልላቸው ነበር። ጥርሴን ስለምፈልገው ተውኩት።

ሐዘናችሁም ልብ ይነካል። ካይፖላ የሚባለው የፊንላንድ የጋዜጣ ወረቀት ፋብሪካ በ2020 መጨረሻ ሥራ አቆመ ሲባል አንዱ ስልኩን እየነካካ «ያሳዝናል፣ ሰው ማንበብ ተወ» አለ። ጋዜጣ ገዝቶ ያውቃል ብዬ አልጠረጥረውም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ብቸኛ ወረቀት ሳምቡሳው የተጠቀለለበት ነው፤ እሱም የሆነ ተማሪ የፊዚክስ ፈተና፣ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ የተሰጠው።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ግንባር ቀደም ናቸው፣ እኛ ደግሞ ጅማ ነን፣ እስቲ የቡናችንን ኤክስፖርት ከአንድ አገር ጋር አስተያዩት አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ዞር ዞር ብሎ አየና «እሱ ፖለቲካ አለበት» አለኝ። ደብተር ስንት ገባ ብዬም ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቅ ጠፋ፣ ደብተር የሚገዙት ሚስቶቻቸው ናቸው።

ለማንኛውም ቅዳሜ ከሰዓት ብራዚልና ኢንዶኔዥያ በፐልፕ ይጋጠማሉ። ወንበር ቀድማችሁ ያዙ። እኔ የኢንዶኔዥያ ነኝ፣ ምክንያቱን እንዳትጠይቁኝ።