የገና አባት ሬንዲሮች በሙሉ ሴቶች ናቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ስለ ሬንዲሮች (በሰሜን ቀዝቃዛ አገሮች ስለሚኖሩት አጋዘኖች) የምትዞር አንዲት ወሬ እዚህ አስተያየቶች ውስጥም ብቅ ብላለች። «ወንድ ሬንዲር ብርዱ ሲገባ ቀንዱን ይጥላል፤ ስለዚህ ከነቀንዳቸው የሚሳሉት የገና አባት ጋሪ ጎታቾች በሙሉ ሴቶች ናቸው» ትላለች።

ግማሹ እውነት ነው። የደረሰ ኮርማ የመራቢያው ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር አካባቢ ቀንዱ ይወድቃል፤ ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ጉቶ ብቻ ይቀራል። ያረገዘች ሴት ግን እስክትወልድ፣ እስከ ግንቦት ገደማ ይዛው ትከርማለች።

ስህተቱ ድምዳሜው ላይ ነው። ወጣት ወንዶችም ብርዱን ከነቀንዳቸው ያሳልፋሉ። ዋናው ነገር ደግሞ የተኮላሹት ናቸው። በሰሜን ስካንዲኔቪያ ሬንዲር የሚያረቡት የሳሚ ሰዎች ለጋሪ በአብዛኛው የሚያሠለጥኑት የተኮላሸ ወንድ ነው፤ እኛ አገር የእርሻ በሬ እንደሚኮላሸው መሆኑ ነው። ረጋ ይላል፣ ጉልበትም አለው። የወንድ ሆርሞኑ ስለሚቀንስ ቀንዱን እንደ ኮርማው ኅዳር ላይ አይጥልም። (ተረት ውስጥ የሚበር እንስሳ ጾታ ማጣራታችን ራሱ ያስቃል፣ ግን ይሁን።)

ስለዚህ ከላፕላንድ (ከሳሚዎቹ የሰሜን ስካንዲኔቪያ አካባቢ) በታኅሣሥ የተነሣ ፎቶ ላይ ባለ ቀንዱን ሁሉ «እሷ» ካልን፣ በብዛት የምንሳሳተው ጋሪ ጎታቹ ላይ ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ የእንስሳት ማቆያዎችን ወይም የአርቢዎችን ድረ ገጽ ይመልከት፤ ኮርማው፣ ወጣቱና የተኮላሸው ቀንድ የሚጥሉበትን ጊዜ ለየብቻ ይፈልግ።