ለቀረው አባል ማን ይደውልለት?

ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር የመጀመሪያውን የሮታሪ ክለብ ሲመሠርት የፈለገው በትልቅ ከተማ ያጣውን ወዳጅነት ነበር። የበጎ አገልግሎቱ ሥራ ኋላ የመጣ ነው። ዛሬ ብዙ የበጎ አገልግሎት ክለቦች ቅደም ተከተሉን አዙረውታል፤ ሥራው ቀድሞ ወዳጅነቱ ኋላ ቀርቷል። ስብሰባውን ፕሮጀክትና ሪፖርት ይሞላዋል፤ አባላት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ጭንቀት ሳያውቅ ይለያያሉ።

በእኛ እምነት ክለቡ በእጁ ያለው ጥሩ መሣሪያ የስም መቆጣጠሪያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው በቀሪ ለመቅጣት ነው። ነገር ግን አዘውትሮ ይመጣ የነበረ ሰው መራቅ ሲጀምር ቀድሞ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያውን እያየ የሚደውል ሰው ይሰየም፤ ሁለት ስብሰባ በተከታታይ የቀረ አባል በሦስት ቀን ውስጥ ይደወልለት። ደዋዩ ገንዘብ ያዡ መሆን የለበትም፤ በዚያው ጥሪ መዋጮ ከተነሣ ቀጣዩ ስልክ አይነሳም። በቴሌግራም ቡድን ላይ «ሰላም ናችሁ?» ብሎ መጻፍም ጥሪን አይተካም፤ የከበደው ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አይናገርም። «ለምን ቀሩ?» ከማለት «ሳላይዎት ሰነበትኩ፤ እንዴት ከረሙ?» ብሎ ጀምሮ ማዳመጥ ይሻላል። ችኩል ምክር፣ «አይዞዎት፣ ያልፋል» ማለት እንኳ፣ ጨዋታውን ይዘጋዋል።

ሐዘን፣ ፍቺ፣ ጡረታ ወይም ሕመም ለገጠመው አባል አንድ ጥሪ አይበቃም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይጠይቃል፤ ብቸኝነቱ የሚበረታው ጠያቂ ሲሳሳ ነው። ጸሐፊው በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር የሚደወልበትን ቀን አስቀድሞ ይመዝግብ።

ደዋዩ ሐኪም አይደለም፣ ሐኪም ለመሆንም አይሞክር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ያረፈው በሦስት ተግባራት ላይ ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ወደ ባለሙያ መምራት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ስልኮቹ በየስድስት ወሩ ተደውሎ የተረጋገጡ የባለሙያዎች ዝርዝር ይኑር። ራስን ስለ ማጥፋት ፍንጭ ከተሰማ በግልጽ መጠየቅ ይገባል፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣውም። አደጋው ከቀረበ ሰውየውን ብቻውን አለመተው፣ የድንገተኛ እርዳታ መጥራት ነው። ምስጢር የሚሻረው በዚህ ጊዜ ብቻ መሆኑ ለአባላት ቀድሞ ይነገር። ሌላው ሁሉ ለቦርዱም ቢሆን አይነገር፤ አንድ ወሬ ከወጣ ወዲያ የሚያወራ አባል አይገኝም።

በስብሰባው መጀመሪያ ደግሞ አጀንዳ የሌለው አሥር ደቂቃ ይመደብ፤ አባላት አራት አራት ሆነው፣ ከለመዱት ጠረጴዛ ወጥተው ይጨዋወቱ። ሰውን በየተራ አስነሥቶ ስሜቱን ማናገርን ግን አንደግፍም፤ ዓይን አፋሩን ያሸሻል።

መቆጣጠሪያው የማያሳየው ድካም አለ፤ የማይቀረው አባል ድካም። ሥራው ሁሉ የሦስት አራት ሰዎች ጫንቃ ላይ ይወድቃል፣ እነሱም ሁልጊዜ ስለሚገኙ ማንም አይደውልላቸውም። አንድ ሰው ከሁለት ኃላፊነት በላይ አይያዝ። ፕሮጀክት የጨረሰ መሪ ቢያንስ ሦስት ወር ይረፍ፤ ምክትሉም ከመጀመሪያው ቀን አብሮት ይሥራ፤ አለዚያ የሚተካው ስለማይኖር ዕረፍቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።