ሦስት ማብሪያ፣ አንድም ጽሑፍ የለም!

ኧረ በፈጠራችሁ! አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ስኩል ባስ (የተማሪ አውቶቡስ) የምትነዱ ሁሉ ይህን ጉድ ታውቁታላችሁ። ክሩስኮቱ ላይ፣ ልጅ ሲወርድና ሲሳፈር ሌላውን መኪና የሚያስጠነቅቁትና የሚያስቆሙት ቢጫና ቀይ መብራቶች የሚታዘዙበት ሦስት ማብሪያ ተደርድሯል፤ የሦስቱም ጽሑፍ በጣት ብዛት ተፍቆ አልቋል። ሁሉንም የሚያበራና የሚያጠፋው ዋናው፣ ማስተሩ፣ የትኛው ነው? ቢጫውን የሚያስነሳውስ? በር ተከፍቶም ቀዩ እንዳይበራ የሚያደርገውስ? ዛሬ የሰጡህ ባስ ላይ ማስተሩ በግራ ነው፤ ነገ ያንተው ጋራዥ ገብቶ ተለዋጭ ሲሰጡህ በቀኝ ታገኘዋለህ። አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ይበራል፣ ሌላው ወደ ታች። ሾፌሩ ሲሳሳት ደግሞ «ትኩረት የለውም» ይሉታል። የጠፋው እኮ ጽሑፉ ነው!

አሠራሩ ራሱ ከባድ ሆኖ ቢሆን ባልከፋ። ከፊት አራት፣ ከኋላ አራት መብራት ነው፤ ቀዮቹ ዳር ዳሩን፣ ቢጫዎቹ ከነሱ ጎን ወደ መሐል ገባ ብለው። የፌዴራሉ የመብራት ደንብ፣ ቁጥር 108፣ የሚጠይቀው ግልጽ ነው፦ ቢጫው የሚበራው ሾፌሩ በእጁ ወይም በእግሩ ሲያስነሳው ብቻ ነው፤ በሩ ሲከፈት ቢጫው በራሱ ይጠፋና ቀዩ በራሱ ይተካል። አዎ፣ በእግር! ወለሉ ላይ ከግራ እግር አጠገብ የሚረገጥ ቁልፍ ያላቸው አሮጌ ባሶች አሉ። ክረምት ላይ ከጫማ የሚራገፈው በረዶና ጨው ሁሉ የሚንቆረቆረው እዚያች ቁልፍ ላይ ነው። ከዚያ «ለምን ተጣበቀ» ይባላል።

ቅደም ተከተሉ ይኸው፤ ማንም በወረቀት ስለማይሰጥ እዚህ ይጻፍ። ማስተሩን አብራ። ፌርማታው ሲቃረብ ቢጫውን ተጫን፤ ርቀቱን የየስቴቱ ሕግ ይወስነዋል፣ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 200 ጫማ ግድም ይላል፣ ወደ 60 ሜትር። ቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ መስተዋቶቹን እይ። በሩን ገርበብ አድርግ፤ ቀዩ ይነሳል፣ የስቶፕ ክንዱም (ከባሱ ጎን የሚዘረጋው የ«ቁም» ምልክት) ይወጣል። መኪናው ሁሉ መቆሙን በዓይንህ ስታረጋግጥ ብቻ በሩን ሙሉ ለሙሉ ክፈት። ስትዘጋው ሁሉም ይጠፋል። ቢጫውን በስህተት ከነካኸውና የሚወርድም የሚሳፈርም ልጅ ከሌለ፣ መሰረዣ በሌለው ባስ ላይ ማስተሩን አጥፍቶ መልሶ ማብራት ነው።

ዋናው ብሶት ያለው እዚህችው ማስተር ላይ ነው። ሐዲድ ስትደርስ ከ50 ጫማ ሳትርቅ፣ ከ15 ጫማ ሳትቀርብ ትቆማለህ፤ በብዙ ስቴት በርና መስኮት ከፍተህ ታዳምጣለህ። በር ሲከፈት ቀዩ እንዳይነሳ፣ መከልከያ ቁልፍ የሌለው ባስ ላይ ያለህ አማራጭ ማስተሩን ማጥፋት ነው። ሐዲዱን ተሻገርክ። ማስተሩ ጠፍቶ ቀረ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ቢጫውን ትጫናለህ፣ ምንም የለም፤ በሩን ትከፍታለህ፣ ቀይም የለም፣ ክንዱም አልወጣም፤ ልጁ ግን እግሩን ደረጃው ላይ አድርጓል። ይህን የሠራ ሰው ማስተሩ መጥፋቱን የምታስታውስ አንዲት አምፖል ማስቀመጥ አቅቶት ነው? በጣት ዳሰሳ የሚሠራ ነገር ለልጅ ደኅንነት ይበቃል ብሎ ያሰበ ማነው?

ሁለተኛው ጉድ ክሩስኮቱ ላይ የሚርገበገቡት ትንንሽ አመልካቾች ናቸው። እነሱ ብልጭ ስላሉ ውጭ ያለው በርቷል ማለት አይደለም! በብዙ አሮጌ ባስ ላይ አመልካቹ የሚመገበው መብራቱን ከሚያርገበግበው ዕቃ፣ ከፍላሸሩ መውጫ ነው። ውጭ ያለው አምፖል ተቃጥሎም፣ ሽቦው ተበጥሶም፣ አመልካቹ እየሳቀብህ ይርገበገባል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ የኋላው ቀይ ከሞተ የሚያውቀው ከኋላህ ያለው መኪና ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሪትሪፕ (ከጉዞ በፊት የሚደረገው ፍተሻ) ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ይሠራል» ብሎ መፈረም የለም። አብርቶ መውረድ፣ ዞሮ ስምንቱንም መቁጠር ነው። የብልጭታውን ፍጥነትም ቁጠሩት፤ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 መሆን አለበት፣ ማለትም አንዱን መብራት በ15 ሴኮንድ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ጊዜ ታያለህ። ግራና ቀኝ ደግሞ መፈራረቅ አለባቸው። አንዱ ጎን ሳይርገበገብ በርቶ ከቀረ ወይም ሁለቱም አንድ ላይ ከበሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍላሸሩ ነው። በሙቀት የሚሠራውን አሮጌ ፍላሸር ሳይቀይሩ ግማሹን አምፖል በኤልኢዲ የሚተኩ ሰዎችማ… ያ ፍላሸር የሚሠራው በሚያልፍበት ከረንት ልክ እኮ ነው! ኤልኢዲ ከረንቱን ሲያሳንሰው ዘገምተኛ ይሆናል ወይም ጭራሽ አይርገበገብም።

አሁን ወደ ጋራዡ። ሪፖርት ላይ «ቢጫው አይበራም» ብለህ ትጽፋለህ፤ አምፖል ቀይረው ይመልሱልሃል። በሁለተኛው ቀን ያው። ምክንያቱም ችግሩ አምፖል አልነበረም! ቢጫውን ስትጫነው እየበራ ጣትህን ስታነሳ የሚጠፋ ከሆነ አምፖሎቹ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ባይሆኑማ ስትጫንም ባልበሩ። ቁልፉ ሞላ ያለው ነው፤ ለቅጽበት አገናኝቶ ይመለሳል። መብራቱን ይዞ የሚያቆየው ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ) ነው። አንዴ ከተሳበ በኋላ በገዛ መነካኪያው በኩል ራሱን ይመግባል፤ ያ መስመር ደግሞ የበሩን ማብሪያ አቋርጦ ስለሚያልፍ በሩ ሲከፈት ይቆረጥና ሪሌው ይለቃል። እንግዲህ የሪሌው መነካኪያ ከጠቆረ፣ ሶኬቱ ከላላ፣ ወይም የበሩ ማብሪያ በሩ ተዘግቶም «ክፍት ነው» ካለ ሪሌው ራሱን መያዝ አይችልም። አምስት እግር ያላት ትንሽ ሪሌ ናት። ከጎኗ ካለችው ተመሳሳይ ጋር አቀያይሮ መሞከር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የበሩ ማብሪያማ የችግር ሁሉ እናት ነው። በእጅ ዘንግ በሚከፈተው በር ላይ ማብሪያው የተያዘው በቀጭን ብረት ነው፤ በሩ በቀን መቶ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ብረቱ ይጣመማል፣ ብሎኑ ይላላል። ከዚያ ሁለት ዓይነት በሽታ ይመጣል። አንደኛው፣ በሩ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ ቀዩ አይነሳም፤ ገርበብ አድርጎ ትራፊኩን ማስቆም የሚባለው ነገር ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ቢጫው በርቶ እየተቃረብክ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ በሩ ይነቀነቅና ባሱ ሳይቆም ቀዩ ይነሳል፤ ከኋላ ያለው ሰው ፍሬን ላይ ይወጣል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ባሱ ቆሞ ማስተሩ በርቶ፣ ቢጫውን አስነስቶ በሩን በእጅ ቀስ አድርጎ መሳብ። ቀዩ መነሳት ያለበት በሩ ገና መከፈት ሲጀምር ነው። ዘግይቶ ከመጣ ብሎኑን አላልቶ ማብሪያውን ማስጠጋት፣ ብረቱ ከተጣመመ ማቅናት። በቃ፣ ይኼው ነው!

መብራቱ ፈዞ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ማሳውን (ከባሱ አካል ጋር የሚያገናኘውን የኔጌቲቭ መስመር) እዩ። ጨው የሚበተንበት አገር የሚሠራ ባስ የመብራቱ ቤት ከኋላው ይዝጋል። መብራቱ በርቶ ሳለ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ የመብራቱ ማሳ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ማድረግ፤ ብልጭ ባለ ቁጥር ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ተበላሽቷል። ፍቆ፣ አጽድቶ፣ አጥብቆ ማሰር ነው እንጂ ሦስተኛ አምፖል መግዛት አይደለም።

የስቶፕ ክንዱን ነገር ብዙ አልልም። በአየር የሚሠራው ክንድ፣ በሩ ሲከፈት የማያቋርጥ «ሽሽሽ» ካሰማ ቀጭኗ ቱቦ ወይም ቫልቩ ያፈስሳል። በሞተር የሚሠራው በረዶ ይዞት ካልወጣ በእጅ አትታገሉት፤ መጀመሪያ በረዶው ይቅለጥ።

ለጋራዥ ኃላፊዎች፦ የጽሑፍ ማተሚያ ማሽን ቢሮአችሁ አለ፤ የፋይሉ ሣጥን ሁሉ ላይ ለጥፋችሁበታል። «ማስተር»፣ «ቢጫ»፣ «መከልከያ» ብሎ ሦስት ቁራጭ ማተም ያን ያህል ከባድ ነው? እስኪመጣ ድረስ እናንተ ሾፌሮች አስፈቅዳችሁ ማስተሩ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም ጣሉበት። ሐዲድ ከተሻገራችሁ በኋላ ዓይናችሁ መጀመሪያ እሷ ላይ ይረፍ።